ትርንጎ ወደ ኋላ ያደገችበት ዓመት

በእኛ ከተማ ፈተና የቀረው በአንድ ልጅ ተቅማጥ ምክንያት ነው። ልጁ ጎበዝ ነበር፤ ፊደል ከቆጠረበት ቀን ጀምሮ አንደኛ ሲወጣ የኖረ። በመጨረሻው የፈተና ዕለት ግን ሆዱ ከዳው። ከመቀመጫው ላይ ይልቅ ከቁጥቋጦው ጀርባ ብዙ ሰዓት አሳልፎ፣ ባዶ ወረቀት አስረክቦ ወደቀ። ሰው አዘነ። ከተማዋን በስሟ አልጠራትም፤ የሚያውቃት ያውቃታል፣ ለማያውቃት ስሟ ምንም አይጨምርለትም። ያን ጊዜ ግን አንጀት የነበራት ከተማ ነበረች። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው የሰው ዕውቀት በአንድ ቀን ሆድ ሊለካ አይገባም አሉ። ከእንግዲህ ተማሪ በየዓመቱ የሠራውን እየመረጠ በማኅደር ያኑር፤ የሚመረቅበት ቀን ሲደርስ ያው ማኅደር ይከፈትና ችሎታው ይታይለት ተባለ። ማኅደር የምንለው ከፍየል ቆዳ የተሰፋ፣ በትከሻ የሚንጠለጠል የወረቀት መያዣ ነው።

እኔ ያኔ ጀማሪ የሒሳብ መምህር ነበርኩ። ውሳኔው ሲነበብ ካጨበጨቡት አንዱ ነኝ። ዛሬም ቢሆን ሐሳቡ ክፉ ነበር አልልም። የተበላሸው ጠባቂ ሹም የተሾመለት ጊዜ ነው።

ሹሙ አቶ ልሳነወርቅ ናቸው፤ ማዕረጋቸው የዕድገት መርማሪ ነው። በተሾሙ በመጀመሪያው ዓመት የአንዱን ጎበዝ ተማሪ ማኅደር ከፍተው ከላይ እስከ ታች አገላበጡና አዘኑ። ሁሉም ሥራ ልክ ነበር። የመጀመሪያው ገጽ ልክ፣ የመካከለኛው ልክ፣ የመጨረሻውም ልክ።

«ይህ ልጅ ምን ተማረ?» አሉ። «ሲገባ ያውቃል፣ ሲወጣም ያውቃል። ትምህርት ቤታችን የቱ ጋ ነው ያለው?»

ጥያቄው ጥልቅ መሰለን። ማንም መልስ ስላላገኘለት ሕግ ሆነ። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ማኅደር ሦስት ነገር እንዲይዝ ታዘዘ። አንደኛው ተማሪው ሳያውቅ የሠራው ነው፤ «መነሻ» ይባላል። ሁለተኛው ካወቀ በኋላ የሠራው «መድረሻ» ነው። ሦስተኛው በሁለቱ መካከል ሳለ ምን እንደተሰማው የሚናዘዝበት «የመንገድ ገጽ» ነው። ውጤት የሚሰጠው ለመነሻው አይደለም፣ ለመድረሻውም አይደለም፤ በሁለቱ መካከል ላለው ርቀት ነው። ሁለትና ሁለት ስንት ነው ሲባል መነሻው ላይ መቶ ብሎ፣ መድረሻው ላይ ሰባት ያለ ልጅ ብዙ ተጉዟል። መነሻውም አራት፣ መድረሻውም አራት የሆነበት ልጅ ግን ከተቀመጠበት አልተነሣም። እኛ መምህራን ቀይ እስክሪብቷችንን አስረከብን። «ትክክል» የሚለው ቃል መንገደኛን ያስቆማል ተብሎ ከክፍል ወጣ፤ በምትኩ «ተጉዘሃል»፣ «ተጉዘሻል» እንድንል ተመከርን።

ከተማዋ ቶሎ ለመደችው። ወላጆች ልጆቻቸው ቀድመው እንዳይገባቸው ይጠባበቁ ጀመር። «አንተ ልጅ፣ ያን መጽሐፍ አስቀምጥ! አሁን ከገባህ ኋላ ምን ልታሳይ ነው?» ሲባል በየግቢው እሰማለሁ። ገበያ ላይ ሁለት ሴቶች ሲገናኙ አንዷ «የእኔው እስካሁን ቀኝና ግራውን አይለይም» ብላ ትኮራለች፤ ሌላዋ «ታድለሽ፣ የእኔው ነገር ቶሎ የሚይዝ ሆነብኝ» ብላ ትተክዛለች። ውሎ አድሮ በዚህ መንገድ የተመረቁት አደጉ፤ ወንበር ያዙ። መቶ ብሎ ተነሥቶ ሰባት ብሎ የደረሰው ተማሪዬ ደርሶ ይባላል፤ ዛሬ የማኅደር ዳኛ ነው። አጠገቡ የሚቀመጠው ዳኛ ደግሞ ከአራቱ አቅጣጫዎች አንዱንም ሳያውቅ ተነሥቶ ሦስቱን አውቆ የደረሰ ነው። አራተኛውን ማንም አይጠይቀውም፤ የሄደው መንገድ ይበቃል።

ይህን ሁሉ የምናገረው ትርንጎ በምን ዓይነት ከተማ ውስጥ ልክ ሆና እንደተገኘች እንዲታወቅ ነው።

ትርንጎ የጨው ነጋዴዋ የወይዘሮ እንጉዳይ ልጅ ናት። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ስትጠየቅ ብቻ የምትመልስ፣ ስትመልስ ደግሞ የምትጨርስ ልጅ ነበረች። አሳቧ ላይኛው ቤት መግባት ነበር። ላይኛው ቤት ከከተማችን ውጪ፣ ከኮረብታው ማዶ ያለ የግንበኞችና የድልድይ ሠሪዎች ትምህርት ቤት ነው፤ ማኅደሩ ያለፈለትን ተመራቂ ብቻ ይቀበላል። ማኅደሩ የወደቀበት ሁለተኛ ዕድል የለውም። ማኅደሩ እዚያው በዳኞች ፊት ፍም ላይ ይጣላል፤ ከዚያ ወዲያ ባለቤቱ ዕድሜ ልኩን እንዳልተማረ ይቆጠራል። ስሙን አሳምሮ መጻፍ ቢችል እንኳ በጣቱ ነው የሚፈርመው።

በየዓመቱ ከተማዋ የቸገራትን አንድ ጥያቄ ለተመራቂዎች ትሰጣለች። ሁሉም ይሠሩታል። ከሁሉ የበለጠ ርቀት የተጓዘው «ታላቁ ተመራቂ» ይባልና የእሱ መድረሻ በከተማዋ ላይ ይፈጸማል። ከትርንጎ በፊት በነበረው ዓመት የገበያው መንገድ ፀሐይ የበዛበት ነው ተብሎ ጥያቄ ቀርቦ ነበር፤ በታላቁ ተመራቂ መልስ መሠረት ግራና ቀኝ ያሉት ግድግዳዎች ተጠጋግተው ተሠሩ። አሁን ጋሪ አያልፍም። ጥላው ግን ጥሩ ነው።

የትርንጎ ዓመት ጥያቄ ስለ ውሃ ነበር። የከተማችን ገንዳ መሬት ተቆፍሮ በድንጋይ የተገነባ፣ ከኮረብታው የሚወርደውን የዝናብ ውሃ የሚይዝ ነው። ሰው በዝቶ እጥፍ ሆኗል። «ገንዳው እጥፍ ውሃ እንዲይዝ ምን ይደረግ?» ተባለ።

ትርንጎ ጥያቄው በተነበበ ዕለት መልሱን ጽፋ አመጣችልኝ። የማኅደሯ አቅራቢ እኔ ነበርኩ። የገንዳው ርዝመት ብቻ እጥፍ ይሁን፣ ወርዱና ጥልቀቱ አይነካ ትላለች። ሦስቱም እጥፍ ከሆኑ ግን ስምንት ገንዳ መቆፈር ነው የሚሆነው ብላ ከታች በሥዕል አሳይታለች።

«መነሻሽ የት አለ?» አልኳት።

«ይኸው እኮ ነው፣ መምህር።»

«ይሄ መድረሻ ነው።»

«መጀመሪያ የሠራሁት ግን እሱን ነው። ስጠየቅ ገባኝ። ምን ላድርግ?»

የሌሎች ዓመታት ሥራዎቿንም አገላበጥኩ። ያው ነበር፤ ከላይ እስከ ታች አንድም የተሰረዘ የለም። እንዲህ ያለ ማኅደር ካየሁ ብዙ ዓመቴ ነው።

«ይሄ ይቃጠላል» አልኳት።

ሄዳ እያሰበች ልትሳሳት ሞከረች። ያመጣቻቸው ስህተቶች ግን ስህተት አይመስሉም ነበር። አንዱ ላይ ርዝመቱን ከእጥፍ በጥቂት አሳንሳ፣ ምን ያህል እንደጎደለም ከነምክንያቱ ጽፋ ነበር። ስለዚህ ወደ አያ ጓንጉል ወሰድኳት።

አያ ጓንጉል ስህተት ሠሪ ነው። ከተማችን ውስጥ ከአናጺው ይልቅ የሚፈለግ ባለሙያ ነው፤ የማይሳሳት ልጅ ያላቸው ወላጆች በሩ ላይ ይሰለፋሉ። እኔና እሱ ባልንጀሮች ነን፤ በልጅነታችን ከእኔ የተሻለ ሒሳብ የሚሠራ እሱ ነበር። የትርንጎን ወረቀት ወደ ብርሃኑ አስጠግቶ አነበበና ምራቁን ጢቅ አለ።

«ይህን የጻፈችው የምታውቅ ልጅ ናት።»

«ሆን ብዬ ነው የተሳሳትኩት» አለች ትርንጎ።

«ያስታውቃል። እየተጠራጠርሽ ነው የተሳሳትሽው። የማያውቅ ሰው መቼ ይጠራጠራል? አለማወቅ እኮ እንደ ሚዜ ነው፤ ደረቱን ነፍቶ፣ ጫማውን እያስጮኸ ነው ከሰው ቤት የሚገባው። አንቺ ግን በጓሮ በር ነው ያስገባሽው።»

«እንዴት አድርጌ ልጻፈው ታዲያ?»

«እጥፍ ውሃ ነው የፈለጉት?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ሁሉንም እጥፍ አድርጉት በያቸው። ርዝመቱም እጥፍ፣ ወርዱም እጥፍ፣ ጥልቀቱም እጥፍ። ከሥሩ ወፍራም መስመር አስምሪበት። ምክንያት እንዳትጽፊ።»

ትርንጎ ሳቀች። ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ኧረ አያ ጓንጉል፣ ይህንንስ ማን ያምናል?»

«የማይታመን ስህተት እኔ ቤት አይሸጥም» አለ፤ አልሳቀም። «አሁን የመንገድ ገጽሽን እንሥራ። መልሱን ባላወቅሽ ጊዜ ምን ተሰማሽ?»

«አውቄው ነበር እኮ።»

«እሱን ተይው። አለቀስሽ?»

«አላለቀስኩም።»

«እሺ፣ አንቺ አታልቅሺ፤ ማኅደሩ ያልቅስልሽ። ጻፊ፦ በጨለማ ውስጥ ስዳክር ሳለሁ የመምህሬ ድምፅ እንደ ንጋት ወፍ…»

«መምህር እንደዚያ አላሉኝም።»

«ልጅት፣» አለ አያ ጓንጉል ብዕሩን አስቀምጦ፣ «እኔ ለመቶ ልጅ አልቅሻለሁ። የአንቺን እንባ ብቻ ለምን ታከብጂብኛለሽ?»

ጻፈች። ስለ ድካሙ እናቷ ጨው ላከችለት፤ ከዚያ ሌላ አልጠየቀም።

ማኅደሮች የሚታዩበት አዳራሽ ሰፊ ነው። ከፊት ሦስት ወንበር አለ፤ መካከለኛው የአቶ ልሳነወርቅ ነው። ከወንበሮቹ ፊት ምንጊዜም ፍም የሞላበት ማንደጃ ይቀመጣል። ወይዘሮ እንጉዳይ ከገበያ በቀጥታ ነበር የመጡት፤ ከጎረቤት የተዋሱትን ነጠላ ለብሰው፣ የጨው ቅርጫታቸውን እግራቸው ሥር አኑረው ተቀምጠዋል። እኔ አጠገባቸው ነበርኩ።

ትርንጎ ተጠራች። መነሻዋን አነበበች፤ ሁሉም እጥፍ ይሁን የሚለውን። ዳኞቹ አንገታቸውን ነቀነቁ። የመንገድ ገጿን አነበበች። የንጋቷ ወፍ ጋ ስትደርስ ድምፅዋ ትንሽ ተሰናከለ፤ ዳኞቹ ስሜት መሰላቸውና ደስ አላቸው። ከዚያ መድረሻዋን አነበበች፤ ርዝመቱ ብቻ።

ደርሶ ወደ አቶ ልሳነወርቅ ጆሮ ጎንበስ አለ፤ አቶ ልሳነወርቅ ወደ ሁለተኛው ዳኛ። ተንሾካሾኩ። የሐዘን ሹክሹክታ ነበር።

«ልጄ፣» አሉ በመጨረሻ አቶ ልሳነወርቅ፣ በእውነትም በርኅራኄ፣ «በዚህ ወንበር ላይ ከተቀመጥሁ ጀምሮ ብዙ ማኅደር አይቻለሁ። ጥቂት የተጓዘ አይቻለሁ፣ ብዙ የተጓዘ አይቻለሁ። ወደ ኋላ ያደገ ሰው ግን ሳይ አንቺ የመጀመሪያዬ ነሽ።»

«አልገባኝም፣ ጌታዬ።»

«መነሻሽ ላይ መልሱን ይዘሽው ነበር» አለ ደርሶ። «እጥፍ ለማግኘት ሁሉን እጥፍ ማድረግ። ግልጽ ነው። ምን ነክቶሽ ነው ከዚያ ተነሥተሽ እዚህ ስምንት ምናምን የምትይው ውስጥ የገባሽው?»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። አያ ጓንጉል ስህተቱን ሲሠራ አንድ ነገር ረስቷል፤ ወይም አልረሳም፣ አልተጠየቀም። ዳኞቹ ስህተትንና ልክን የሚለዩት በቦታው ነው፤ ከፊት ያለው ስህተት፣ ከኋላ ያለው ልክ ይባላል። በዚህ ዓመት ግን ጥያቄው የራሳቸው የከተማዋ ስለሆነ እነሱም አስቀድመው አስበውበት ነበር። የደረሱትም ትርንጎ በሳቀችበት መልስ ላይ ነው።

ትርንጎ አንድ ጊዜ ወደ እኔ አየችና ወደ እናቷ ቅርጫት መጣች። ወይዘሮ እንጉዳይ የሚሸጡት አራት ማዕዘን ተደርጎ የተጠረበ፣ ከየትኛውም ወገን ቢያዩት እኩል የሆነ ትንንሽ ጨው ነው። እፍኝ ሙሉ ይዛ ተመለሰችና አንዱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ይህ አንድ ገንዳ ይሁን» አለች። «ርዝመቱን እጥፍ ላድርገው።» ሁለተኛውን አስጠጋች። «ሁለት ገንዳ ሆነ፤ የፈለጋችሁት ይህ ነው። አሁን ወርዱንም እጥፍ ላድርግ።» ሁለት ጨመረች። «አራት ሆነ። ጥልቀቱንም ልጨምር።» አራቱን በአራቱ ላይ ደረበች። «ቁጠሩት።»

ማንም አልቆጠረም። ሁለተኛው ዳኛ ጎንበስ ብሎ ጨዉን አየው።

«ጨው ውሃ ይይዛል እንዴ?» አለ።

«ምሳሌ ነው፣ ጋሼ።»

«ጨው እኮ ውሃ ሲነካው ይሟሟል። ለገንዳ ምሳሌ መሆን የሚችል ነገር አይደለም።» ወደ አቶ ልሳነወርቅ ዞሮ «ነው ወይስ ተሳሳትኩ?» አለ፤ አቶ ልሳነወርቅም «ተጉዘሃል» አሉት።

«አደራደሯ ግን ጥሩ ነው» አለ ደርሶ። «እጇን አያችሁት? አትጣደፍም። የሚያሳዝነው ማኅደሩ ውስጥ አለመኖሩ ነው። በማኅደር የሌለውን እንዳየን ልንቆጥረው አንችልም።»

እኔ ተነሣሁ። አቅራቢ መምህር ስለ ልጁ ጠባይና ስለ ትጋቱ መናገር ይፈቀድለታል።

«ልጅቷ ትክክል ናት» አልኩ።

አንዲት ሴት የልጇን ጆሮ በእጇ ስትሸፍን አየሁ። አቶ ልሳነወርቅ አልተቆጡም። ዕድሜ ተጫጭኖኝ እንደሆነ ገልጸው፣ ነፋስ እንድቀበል ሁለት ሰዎች ደግፈው እንዲያወጡኝ አዘዙ። የቀረውን ያየሁት ከውጭ፣ በመስኮት ነው።

አቶ ልሳነወርቅ እንደ አባት ወደ ትርንጎ ዘንበል አሉ። «ልጄ፣ ገጽ ሲደረደር ይገለበጣል። በትልልቅ ሰዎችም ላይ ደርሷል። ምናልባት መነሻውን ከኋላ፣ መድረሻውን ከፊት አድርገሽው ይሆን? እንዲያ ከሆነ አንቺ አላጠፋሽም፤ ወረቀቱ ነው ያጠፋ።»

ደርሶ ማንደጃውን በእግሩ ትንሽ ወደ ፊት ገፋ አደረገው። በክፋት አይደለም፤ ሥርዓቱ እንዲህ ነው።

ልጅቷ ወደ እናቷ ዞረች። ወይዘሮ እንጉዳይ ስለ ርዝመትና ስለ ወርድ ይህን ያህል አያውቁም ይሆናል፤ ማንደጃ ግን ያውቃሉ። ጭናቸው ላይ የነበረውን እጃቸውን አነሡና፣ ወደ ታች የነበረውን መዳፋቸውን ወደ ላይ ገለበጡት። ያን ያህል ብቻ።

ትርንጎ ሁለቱን ገጾች አለዋወጠቻቸው።

«እንደዚህ ነበር» አለች።

አዳራሹ ተነፈሰ። አቶ ልሳነወርቅ ተነሥተው ቆሙ። ከስምንት ተነሥታ ሁለት ላይ መድረሷ፣ ያንን ጨለማ ሰንጥቃ መውጣቷ፣ በከተማዋ ታሪክ ያልተሰማ ርቀት ነው አሉ። የመንገድ ገጿ እንደገና ተነበበ፤ አሁን በቦታው ስለሆነ ሰዎች አለቀሱ። የዓመቱ ታላቅ ተመራቂ ትርንጎ ናት ተባለ። ልጅቷ አፏን ስትከፍት በመስኮት አየኋት። ታላቅ ተመራቂ የሆነ ሰው መድረሻው በከተማዋ ላይ እንደሚፈጸም የማያውቅ ተማሪ የለም፤ ሁለት ገጽ ማለዋወጥ ያን ያህል ይወስደኛል ብላ ግን አላሰበችም። እልልታው ቀደማት።

ቁፋሮው በዚያው ሳምንት ተጀመረ። አለቃው ደርሶ ሆነ። በየቤቱ ተራ ወጣ፤ አካፋ የሌለው በቆርቆሮ፣ ቆርቆሮ የሌለው በእጁ ይቆፍር ተባለ። አዲሱ ገንዳ አሮጌውን ከቦ ስለሚሠራ የአሮጌው ግድግዳ ፈረሰ። ትርንጎ ወደ ላይኛው ቤት ልትሄድ ጋሪ በምትጠብቅበት ጊዜ ጉድጓዱ ዳር ሄደች፤ እኔም ተከተልኳት።

«ጋሽ ደርሶ፣» አለችው፣ «እባክዎን ያስቁሙት። የምትቆፍሩት ስምንት ገንዳ ነው።»

ደርሶ ፈገግ አለ። እንደ ታላቅ ወንድም እጁን ትከሻዋ ላይ አደረገ። የማኅደሯ ግልባጭ በኪሱ ነበር፤ አወጣና ገለጠላት።

«አየሽ፣ ይቺ ስምንት እዚህ አለች። መነሻሽ ላይ።»

«አውቃለሁ።»

«ይህን የምትይው ሳታውቂ በነበረ ጊዜ ነው።»

«እኔ ራሴ እኮ ነኝ የምነግርዎት።»

«እኔም የማምነው አንቺኑ ነው። ግን የደረሰችውን አንቺን ነው።» ወረቀቱን አጥፎ መለሰ። «አይዞሽ። ሰው ሲደክመው ወደ ድሮው ይመለሳል። እኔም አንዳንድ ማታ መቶ ይመጣብኛል።»

ትርንጎ ወደ እኔ ዞረች። ምን እላታለሁ? የእኔ ምስክርነት ዕድሜ እንደተጫጫነው ሰው ተመዝግቧል። የእሷ ደግሞ በማኅተም ነው ድንቁርና የተባለው። ከዚያ ቀን በኋላ በዚያች ከተማ እውነቱን መናገር የማትችል አንዲት ሰው ብትኖር እሷ ናት፤ በተናገረች ቁጥር ከድሮ ድንቁርናዋ ምን ያህል እንደተጓዘች ማስረጃ ይሆንባታል።

እናቷ ከጉድጓዱ ውስጥ ነበሩ፤ ተራቸው ነው። የተቀደደ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው፣ አፈር በጆንያ እያሸከሙ።

«አልሄድም፣ እማ» አለች ትርንጎ ከላይ ሆና።

«ምን አልሽ?»

«እናንተ ይህን ስትቆፍሩ እኔ የት እሄዳለሁ? ቆሜ እነግራቸዋለሁ። አንድ ቀን ይሰሙኛል።»

«ማንን ነው የምትነግሪ?» ወይዘሮ እንጉዳይ ቀና አሉ። «እነዚህን? ኧረ ተይ። ጋሪው ሳይሄድ ውጪ።»

«እማ፣ ይህ ጉድጓድ በቶሎ አያልቅም።»

«እናውቃለን፤ እየቆፈርን ነው እኮ። አንቺ ላይኛው ቤት ሄደሽ በልክ የሚሠራ ነገር ተማሪ። እዚህ ከቆየሽ አያ ጓንጉል ደጅ ወንበር ነው የሚሰጡሽ።»

ከጎናቸው የሚቆፍር አንድ ጎልማሳ «እማማ፣ ልጅዎ ናት እንዴ ታላቋ ተመራቂ?» አላቸው። «ቁፋሮው እንዲህ ከሆነ ትምህርቷ ከባድ መሆን አለበት።»

«ከባድ ነው» አሉት፤ አካፋቸውን አነሡ።

ትርንጎ ሄደች። ማኅደሯን በትከሻዋ አንጠልጥላ፣ ከጋሪው ኋላ ተቀምጣ፣ ጉድጓዱ እስኪሰወርባት ድረስ ፊቷን አላዞረችም።

ሰው ቆፍሮ ቆፍሮ ክረምት ደረሰ። ግማሹ ቤት ሠርግ አስተላለፈ፤ ግማሹ እርሻውን ጾም አሳደረ። የወጣው አፈር ከከተማዋ ጎን ሌላ ኮረብታ ሆነ። ደርሶም ይህን ኮረብታ እንዳልተጠበቀ ጸጋ ቆጥሮ ስም አወጣለት። ዝናቡ እንደ ወትሮው ዘነበ፤ ከወትሮው አልበለጠም፣ አላነሰም። ድሮ ገንዳውን እስከ አፉ ሞልቶ የሚፈስሰው ውሃ በአዲሱ ጉድጓድ ወለል ላይ ተንጣለለና ጉልበት ድረስ መጣ። ፀሐይ ስትበረታ ወደ ቁርጭምጭሚት ወረደ። ድሮ ከዳር ሆነው በቅል ይቀዱ የነበሩት ሴቶች አሁን በመሰላል ወርደው፣ ጭቃ ረግጠው፣ እንስራ አዝለው በመሰላል ይወጣሉ።

አቶ ልሳነወርቅ መጥተው ጉድጓዱን ከዳር አዩ። ሰው ይቆጣሉ ወይም ያፍራሉ ብሎ ጠብቆ ነበር። ፊታቸው በራ።

«ወገኖቼ፣» አሉ፣ «ከተማችን እስከ ዛሬ የራሷ ማኅደር አልነበራትም። ለምን? መነሻ አልነበራትም። አሁን አላት። እንዲህ ያለ ጥልቅ መነሻ ያለው ከተማ በአካባቢው የለም። ከዚህ ወዲያ ምንም ብናደርግ ዕድገት ነው።»

ተጨበጨበ። ያጨበጨቡት ከላይ የቆሙት ናቸው፤ ከታች ያሉት እጃቸው እንስራ ይዟል።

በዚያን ዕለት እኔም ውሃ ልቀዳ ሰልፍ ላይ ነበርኩ። ወይዘሮ እንጉዳይ ከፊቴ ነበሩ፤ ከእሳቸው ፊት ደግሞ አንዲት ምላሷ የሾለ ጎረቤታቸው። ሴትዮዋ መሰላሉን፣ ጭቃውን፣ ከዚያም ወይዘሮ እንጉዳይን አየች።

«እትዬ እንጉዳይ፣» አለች፣ ሰልፉ ሁሉ እንዲሰማት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «የእርስዎ ልጅ ባትሳሳት ኖሮ እኛ ዛሬ ለአንድ እንስራ ውሃ ገደል ባልወረድን።»

አንዳንዱ ሳቀ። ወይዘሮ እንጉዳይ የእንስራቸውን ማዘያ ትከሻቸው ላይ አጠበቁ። ቆጣ ያሉ አልመሰሉኝም። እግራቸውን በመጀመሪያው እርከን ላይ አኑረው፣ መሰላሉ ይጽና አይጽና ሞከሩት።

«አልተሳሳተችም» አሉ። «ተመረቀች።»

ወረዱ።